ተጫዋቾቼ አልራብ አሉኝ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ከጥፋት በኋላ ወዳለች ጅማ ማምጣት

አጫዋቿ
ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ፈረንጅ አራዳ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት እንሰበሰባለን። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፦ ተጫዋቾቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪኩን ይኖራሉ፣ አጫዋቿ ዓለሙን ታቀርባለች፣ ተሳካ አልተሳካ በዳይስ ይወሰናል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፣ አጫዋቿ እኔ። ህጉ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ አምስተኛ እትም ነው። ዓለሙን ግን ከራሴ ነው ያወጣሁት፦ ጅማ፣ ከ300 ዓመት በኋላ። ሳይገረዝ የኖረ ቡና ጣራ በስቶ ወጥቷል። አጂፕ አካባቢ ማታ ማታ ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች ይዞራሉ። የግልገል ጊቤ ተርባይን ዛሬም ያጉረመርማል። ሰዉ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ ይለማመነዋል። ማሽን ይሁን መንፈስ ማንም አያውቅም።

ሐሳቤ ለአንድ ቁራሽ ቂጣ እንዲጣሉ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ድሩይድ (ከተፈጥሮ ኃይል የሚደግም) ሆኖ መጣ! ገና በአንደኛ ሌቨል (ደረጃ) ድግምት 10 ፍሬ ያወጣል፤ አንዷ ፍሬ ሰውን ቀኑን ሙሉ ታጠግባለች። ሌላዋ ተጫዋች ደግሞ በድግምት ብርሃን በነፃ ታበራለች፣ የተሰበረ ዕቃም በነፃ ትጠግናለች። ወርቅ ብሰጣቸው የሚገዙት የለም። አሁን ሌቨል 2 ናቸው። ህጉን ልቀይር ወይስ ልጠግን? ደግሞ ባለ 20 ጎን ዳይስ ስለሌለን የምንጥለው ስልክ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ ጨዋታው ያበቃል።

ባለሉዶ
ጣይው በቃ። ያ ህግ የተሠራው ለጀግኖች ነው፣ ለተራበ ሰው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባለው ሌላ ጨዋታ የሚሠራው በሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ ነው። ሁለት የሉዶ ዳይስ መርካቶ ታገኛለሽ፣ ባትሪም አይፈልግም። ድምሩ 10 እና በላይ ከሆነ ተሳካ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ፣ ግን ያስከፍላል። 6 እና በታች ከሆነ አጫዋቿ የፈለገችውን ታመጣለች። ከ36ቱ አጣጣል 15ቱ መሃሉ ላይ ነው የሚያርፉት። "አገኘህ፣ ግን..." የምትዪው ከመቶ 42 ጊዜ ነው ማለት ነው። ከጥፋት በኋላ ያለ ኑሮ ይሄው አይደል?

አወይቱ ማዶ
ባለሉዶ ያለው ስሌት ልክ ነው፣ ምክሩ ላይ ግን አልስማማም። አራት ሰው አንድ ህግ ከለመደ በኋላ ሌላ ማስተማር ቀላል እንዳይመስልሽ። ግማሹ ይቀራል። ህጉም ያን ያህል አልተበላሸም።

እህቴ፣ ድግምቱን አትንኪ፣ እረፍቱን ንኪ። የዚያው እትም የአጫዋች መጽሐፍ ውስጥ አማራጭ ህግ አለ፦ አጭር እረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅም እረፍት 7 ቀን። አሁን ድሩይድሽን ቁጠሪው። ሌቨል 2 ላይ ሦስት የአንደኛ ሌቨል ስሎት (ድግምት የመጥሪያ ዕድል) አለው፣ የሚታደሱትም በረጅም እረፍት ነው። ፍሬው ደግሞ ከ24 ሰዓት በኋላ ኃይሉን ያጣል፣ ማስቀመጥ አይቻልም። አራቱ አራት ፍሬ ይበላሉ፣ ስድስቱ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ረጅም እረፍት ሳያደርጉ ከተጓዙ በሦስት ቀን ውስጥ ፍሬም የለም፣ ቁስል የሚያድን ድግምትም የለም። ያኔ ቂጣዋን ያያታል! አንድም ድግምት አልከለከልሽበትም፣ ስለዚህ ማኩረፊያ የለውም። ሌቨል 5 ሲደርሱ ግን ክሌሪክ (በአምላክ ኃይል የሚደግም) ካላችሁ ተጠንቀቂ። በሦስተኛ ሌቨል ድግምት 15 ሰው የሚያጠግብ ምግብና ውሃ ይፈጥራል። እኔ ያንን በግልጽ ቆርጬ አወጣዋለሁ። አንዳንዱ ነገር ማስታመም አያስፈልገውም።

ብርሃኗን ተያት፣ ታብራ። ባጃጆቹ ግን ብርሃን አይተው የሚመጡ ይሁኑ።

የድሮ ዘመን ዕቃ ላይ ስንት ጥይት ቀረ፣ ስንት ባትሪ ቀረ ብለሽ መቁጠር አትጀምሪ፣ ይሰለቻል። ለዕቃው ዳይስ ስጪው። የእጅ ባትሪው ባለ 8 ጎን ይሁን። በተጠቀሙበት ቁጥር ይጥላሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ወደ ባለ 6፣ ከዚያ ወደ ባለ 4 ይወርዳል። ባለ 4 ላይ 1 ወይም 2 ከወጣ አለቀ። በአማካይ 9 ጊዜ ያገለግላል፣ ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ወርዶ ሊያገኙት ይችላሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ታያለሽ።

ወርቁን ደግሞ በአሞሌ ጨው ተኪው። አሞሌ በአገራችን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር፤ የጅማው የሂርማታ ገበያም ያኔ ሰው ከየአገሩ የሚጎርፍበት ነበር። ለጨዋታ የሚመቸው ሌላ ነገሩ ነው፦ አሞሌ ይሟሟል። በጅማ ክረምት! ወንዝ ሲሻገሩ ወይም ዝናብ ሲመታቸው አሞሌያቸውን በቆዳ ያልጠቀለሉ ከያዙት ሩቡን ያጡ። ሀብታም ሰው ዝናብ የሚፈራበት ዓለም ይሆናል። ዋጋውን በጨዋታ አውጪው፦ ሲም ካርድ ክታብ አንድ አሞሌ፣ በ0911 የሚጀምር ከሆነ ሁለት።

ደለል
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ውሃ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ነው፣ ቀላል ግድብ አይደለም። ግን የማንም ግድብ ጠላት ደለል ነው፤ በዚያ ተፋሰስ ያለው የአፈር መሸርሸር ደግሞ ብዙ የተጠና ጉዳይ ነው። 300 ዓመት ማንም ካልጠበቀው ሐይቅ አይጠብቁ፤ ቄጠማና ጭቃ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ ጥያቄው "ተርባይኑ ማሽን ነው ወይስ መንፈስ" ሳይሆን "ውሃው ከቆመ ማን ነው የሚያዞረው" ቢሆን አይሻልም?

አጫዋቿ
ደለል፣ ይሄንን አስቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ሁለት ቅዳሜ በጀልባ ባላሳለፍኩ ነበር! ሐይቁን ረግረግ አደርገዋለሁ፣ ጀልባዋም እዚያው ትሰምጣለች።

አወይቱ ማዶ፣ የ7 ቀኑን እረፍት ወስጃለሁ። አሞሌውንም። የሉዶ ዳይስ ግን እገዛለሁ። ባለ 20 ጎኑ ለውጊያ ይቅር፣ ባጃጅ መክፈትና ያልታወቀ ዕቃ መነካካት በሁለት የሉዶ ዳይስ ይሁን። ሁለት ህግ ማደባለቅ ያስከፋ ይሆን?

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ህጉን በአማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ለሌሎች ባድል እጠየቃለሁ?

አወይቱ ማዶ
መሠረታዊው የህግ ሰነድ፣ 5.1 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን ጥቀሺ፣ ምን እንደቀየርሽ ጻፊ፣ አከፋፍዪ። የተሸጠውን መጽሐፍ ሙሉውን ግን እንዳትነኪ። የ7 ቀኑ እረፍት ከሰነዱ ውስጥ የለም፣ በራስሽ ቃል ጻፊው።

ማደባለቁ አይከፋም። ብቻ የትኛው ዳይስ መቼ እንደሚጣል ከጨዋታው በፊት ንገሪያቸው፣ ድሩይዱ ይከራከርሻል።

ባለሉዶ
ሉዶ ስትገዢ ለእኔም።