ሰልባትዮ (የናፍጣ ታንክ) ውስጥ ውኃ ገብቷል፤ ፊልትሮ ተቀይሮም መኪናው አቀበት ላይ ይጠፋል

ገልባጭ 371፦
ሰላም ባለሙያዎች። ሲኖትራክ 371 ነው፣ ሰልባትዮው 300 ሊትር ይይዛል። ባዶውን ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ጭኖ አቀበት ሲጀምር ይቆራረጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። የውኃ መለያው ከሥር ሲከፈት ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ወጣ። ፊልትሮዎቹ በሙሉ ተቀየሩ፤ 80 ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያው ሆነ። ሰልባትዮውን ሳላወርድ ውኃውን ጨርሼ ማውጣት እችላለሁ? ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች ተጎድተው እንደሆነስ በምን ይታወቃል? መካኒኩ አልኮል ጨምርበት ይላል።

ፖምፓ ቤት፦
አልኮሉን ተወው ወንድሜ። አልኮል ውኃውን ከናፍጣው ጋር ስለሚያደባልቀው፣ እስካሁን መለያው ያስቀረልህን ውኃ ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ ወደሚገፋው ፖምፓ ያሳልፈዋል። የፖምፓው ፕለንጀር (ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) እና የኖዝሉ መርፌ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፤ አልኮል ደግሞ ያንን ቅባትነት ይቀንሳል። ግማሽ ሊትር ውኃ መውጫው በብሎን ቀዳዳ ነው እንጂ በመድኃኒት አይጠፋም።

አቀበት ላይ የሚጠፋው ለምን መሰለህ? አንድ ሊትር ናፍጣ ከ0.82 እስከ 0.85 ኪሎ ይመዝናል፣ ውኃ 1 ኪሎ። ስለዚህ ውኃው ሁልጊዜ ሥር ነው፤ የመሳቢያው ቱቦ አፍ ደግሞ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሜዳ ላይ ንጹሑን ይስባል፤ ሲያጋድል ውኃው ቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ የፊልትሮው ወረቀት ውኃ ሲጠጣ አብጦ ይዘጋል፣ ሞተሩም ጭነት ላይ ብዙ ናፍጣ በሚፈልግበት ሰዓት ያጣል። ሰልባትዮው ሳይጠራ ፊልትሮ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

እንዲህ አድርግ። ሞተሩን አታስነሳ። መኪናውን የማፍሰሻው ብሎን ያለበት ጎን ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርገህ ሳትነካው አሳድረው፣ ቢያንስ 8 ሰዓት። ጠዋት ብሎኑን ቀስ ብለህ አላላው እንጂ በአንዴ አትንቀለው፤ በኃይል ከወጣ ተሽከርክሮ ይደባለቃል። በሚያሳይ ጠርሙስ ተቀበለው፦ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ደፍራሳ፣ ከዚያ የጠራ ናፍጣ ይመጣል። ከጠራ በኋላም 5 ሊትር ጨምረህ አፍስስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ስህተቱም እዚሁ ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ናፍጣው እንዳይናወጥ የሚከልሉ ቆርቆሮዎች አሉ፤ ውኃ ከሥራቸው ይደበቃል። ከላይ የነዳጅ መለኪያውን ፍታና በቀጭን ቱቦ ከየማዕዘኑ ሳብ። ከዚያ 10 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ ጨምረህ አናውጠውና እንደገና አፍስሰው። የመሳቢያውንና የመመለሻውን (የተረፈው ናፍጣ ወደ ሰልባትዮው የሚመለስበትን) መስመር ከሞተሩ በኩል ፈትተህ ወደ ሰልባትዮው በኮምፕሬሰር ቀስ ብለህ ንፋ። የመመለሻውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ውኃ ግን እሱም ውስጥ ይቀራል። ሲጋራና እሳት በአካባቢው አይኑር።

አዲስ ፊልትሮ አስገብተህ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን አላላ፤ አረፋ እስኪጠፋ በእጅ ፖምፓው ግፋ። ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ይረፍ። እምቢ ካለ የሁለት ወይም የሦስት ኖዝል ቧንቧዎችን ነት አላልተህ አዙር፤ ናፍጣ ሲረጭ አጥብቅ።

ኖዝሉን ለማወቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ነቶቹን አንድ በአንድ አላላ። ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ነው የሞተው። ያንን ኖዝል ፍታና መርፌውን በንጹሕ ናፍጣ አጥበህ ቦታው መልሰው፤ 60 ዲግሪ ያህል አጋድለህ ሲሶውን ሳብና ልቀቀው። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ካልወረደ ወይም ቡናማ ዝገት ካየህበት ይቀየር።

የጅቡቲ መስመር፦
ምንጩ ጤዛ ነው። ቆላ ሞቆ ደጋ ላይ ሲያድር ባዶው ሰልባትዮ ያልበዋል። ማታ ማታ ሙሉ አድርጉት።

ቁልፍ 17፦
ማታ መሙላቱ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ሊትር ከጤዛ አይመጣም። 30 ዲግሪ የሞቀና በእርጥበት የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። 300 ሊትሩ ሰልባትዮ ባዶ ቢሆን እንኳ 9 ግራም ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያም አይሞላም። ጤዛ በወራት ይጠራቀማል፤ በድንገት የመጣ ብዙ ውኃ ግን ወይ ሲቀዳ ገብቷል፣ ወይ በክዳኑ ጎማና በመተንፈሻው። መኪና በግፊት ውኃ ሲታጠብ ሰልባትዮው ክዳን ላይ አታስረጩ። ክረምት ላይ ደግሞ ቦቴ እያራገፈ ካለበት ማደያ አትቅዱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው ውኃ የሚናወጠው ያኔ ነው። ከጀሪካን ወይም ከበርሜል ስትቀዱ የመጨረሻዋን 5 ሊትር አትገልብጧት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቧንቧ ነት ማላላቱ እንደ 371 ላለ ሜካኒካል ፖምፓ ብቻ ነው። ኮመን ሬይል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ለሁሉም ኖዝል አንድ የጋራ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ያለው) ከሆነ፣ ለምሳሌ አይሱዙ 4ኤችኬ1፣ በፍጹም አትንኩት። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። አየሩ በዝቅተኛው ግፊት በኩል በእጅ ፖምፓ ብቻ ይውጣ። ፊልትሮውንም ናፍጣ ሞልታችሁ አትግጠሙ፤ ያልተጣራው በቀጥታ ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል።

ገልባጭ 371፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ተፈሰሰ፤ 4 ሊትር ውኃ፣ ከሱም ጋር ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር። የክዳኑ ጎማም ተሰንጥቋል። ንፍጡ ምንድን ነው?

ፖምፓ ቤት፦
ባክቴሪያና ሻጋታ ነው፤ ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት ላይ ይራባል። ንፍጥ ካለ ውኃው ከሰነበተ ቆይቷል ማለት ነው፣ ተጠያቂው የክዳኑ ጎማ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ሰልባትዮውን ማውረድህ የግድ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው በማፍሰስ አይለቅም። ታጥቦ፣ ፍጹም ደርቆ ይመለስ። ለናፍጣ የተሠራ የባክቴሪያ ማጥፊያ ካገኘህ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምር፤ የሞተው ተንሳፍፎ ፊልትሮ ስለሚዘጋ ሁለት መለዋወጫ ይዘህ ውጣ። ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ መለያውን አፍስስ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ፊልትሮዎቹን ድገማቸው። ያወጣኸው ናፍጣ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ይተኛ፤ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ሳብ። ንፍጥ ያለበትን ግን ወደ መኪናው አትመልሰው፤ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥም አትድፋው።