ጃቫው 2147483647 ፕራይም አይደለም ይላል፣ ምን ነክቶት ነው?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ሰዎች። እዚህ ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፕራይም (ብቸኛ ቁጥር) የሚለይ ፕሮግራም በጃቫ ጻፈች። ለ97 ትክክል፣ ለ7919ም ትክክል። 2147483647 ስትሰጠው ግን ዝም ይላል፣ የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል፣ ቆይቶ "ፕራይም አይደለም" ይላል። መጽሐፍ ላይ ግን ፕራይም ነው ተብሏል። ሁሉም ነገር ኢንት (የጃቫ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ነው፤ "ሀ" ከ3 ተነስቶ 2 እየጨመረ ይሄዳል፣ ሀ × ሀ ከቁጥሩ እስካልበለጠ ድረስ ቁጥሩን ለሀ ያካፍላል፣ ቀሪ ካጣ "አይደለም" ብሎ ይወጣል። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ባትሪዬን ሳይጨርሰው ድረሱልኝ።

ከለገጣፎ፦ ወንድሜ፣ ጉዱ ያለው ሀ × ሀ ላይ ነው። ያ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው፣ ኢንት የሚችለው የመጨረሻው። ሀ 46341 ሲደርስ ብዜቱ 2147488281 መሆን ነበረበት፣ ኢንት ግን ስለማይችለው ዞሮ −2147479015 ይሆናል። እንደውም የትኛውም ኢንት ከዚህ ቁጥር ሊበልጥ ስለማይችል ሉፑ (ድግግሞሹ) የሚቆምበት ምክንያት የለውም። ሀ ራሱ 2147483647 እስኪሆን ይሄዳል፣ ቁጥሩን ለራሱ ያካፍላል፣ ቀሪ ያጣና "አይደለም" ይላችኋል። "ሀ × ሀ ≤ ቁጥሩ" የሚለውን በ"ሀ ≤ ቁጥሩ ÷ ሀ" ቀይሩት፣ አለቀ።

ጠያቂ፦ ሰራ! ወዲያው መለሰ። አሁን ደግሞ "ኮምፒውተር ሳይኖር እንዴት አወቁት?" ብላ ያዘችኝ።

ከኮዬ ፈጬ፦ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ.። ሁሉንም አልሞከረም፣ ብልጥ ነበር። ይሄን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ፣ 2³¹ ለሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው ማለት ነው። 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከ31 ያነሰ ፓወር ቀሪ 1 አይሰጥም። በፌርማ ህግ ደግሞ የ2 ፓወር "ፕራይሙ ሲቀነስ 1" ለፕራይሙ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፣ ስለዚህ 31 ያንን ፓወር (ፕራይሙ ሲቀነስ 1ን) ያካፍለዋል። ፕራይሙ ጎዶሎ ቁጥር ነውና 1 ሲቀነስለት ለ62ም ይካፈላል። እንግዲህ መሞከር ያለባችሁ 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311 እያላችሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ፕራይም አይደሉም፣ ዝለሏቸው። 311ን በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩ፦ 311 × 6905092 = 2147483612፣ 35 ይተርፋል። ቀጥሉ። 23 ሺህ ገደማ የነበረው ሙከራ ከ750 በታች ወረደ። ኦይለር ለ8 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 7 ያልሆኑትንም ጥሎ ስራውን ይበልጥ አቅልሎታል።

ከገላን፦ ጥሩ ነው፣ ግን አደራ፣ ልጅቷ "2 ፓወር ፕራይም ሲቀነስ 1 ሁሌ ፕራይም ነው" ብላ እንዳትይዝ። 2¹¹ − 1 = 2047 = 23 × 89። (ሁለቱም 1 ሲቀነስላቸው ለ22 ይካፈላሉ፣ ያው ህግ።) እነዚህን ቁጥሮች ያጠናው ፈረንሳዊ መርሴን ራሱ በ1644 እ.ኤ.አ. 2⁶⁷ − 1ን ፕራይም ብሎ መዝግቦ ነበር። በ1903 ኮል የሚባል አሜሪካዊ 193707721 × 761838257287 መሆኑን አሳየ። ይሄን በእጅ ማግኘት ቀልድ አይደለም።

ጠያቂ፦ 2⁶¹ − 1ስ? እሱንም ልትሞክር ነው።

ከለገጣፎ፦ ፕራይም ነው፣ ትሞክረው። ኢንት ግን አይበቃም፣ ሁሉንም ሎንግ (ከኢንት የሚሰፋ ዓይነት) አድርጉት። ከ123 ጀምራችሁ 2 ሳይሆን 122 (2 × 61፣ እንደ ላይኛው 62) እየጨመራችሁ ሂዱ፣ 12 ሚሊዮን ዙር ገደማ ነው። ባትሪህ አይሰማውም። ይሄ ዝላይ ግን ለዚህ ቁጥር ብቻ ነው፣ ለ91 ብትጠቀሙበት ያሳስታችኋል።