ክርክር፦ የዱር እንስሳት መተላለፊያ በግምት ካርታ ይከለል?

ጥያቄው፦ በተቆራረጡ ደኖች መካከል መተላለፊያ ለመከለል ባለሙያ በግምት ነጥብ የሰጠው የዋጋ ካርታ (እያንዳንዱ ቦታ ለእንስሳው ለማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ) ይበቃል ወይስ የጂፒኤስ ኮላር (አንገቱ ላይ ታስሮ ያለበትን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ) መረጃ ይጠበቅ?

ካርታ ሠሪ፦ አይጠበቅም! ኮላር ዓመታት ይበላል፤ መሬቱ እስከዚያ ይታረሳል። ለደን 1፣ ለእርሻ 20፣ ለአስፋልት 100 ሰጥቶ ሰርኪዩትስኬፕን (የእንስሳትን መተላለፊያ እንደ ኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሰላ ሶፍትዌር) ማስኬድ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው።

ዱካ፦ 20 እና 100 ከየት መጡ? 5 እና 50 ብትላቸው ማነቆው (መተላለፊያው የሚጠብበት ቦታ) ቦታ ሊቀይር ይችላል። ኮላር ካለ ግን ይለካል፦ እንስሳው የሄደባትን እያንዳንዷን እርምጃ ከዚያው ነጥብ ሊሄድባቸው ይችል ከነበሩ፣ በዘፈቀደ ከተሳሉ 20 ያህል እርምጃዎች ጋር በኮንዲሽናል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የተመረጠውን ካልተመረጡት አማራጮች ጋር በሚያነጻጽር የስታቲስቲክስ ዘዴ) ታወዳድራለህ።

ካርታ ሠሪ፦ የማን እርምጃ? ኮላር የሚታሰርለት ብዙውን ጊዜ ግዛት የያዘ አዋቂ ነው። እሱ እርሻን ይሸሻል፤ ከእናቱ ተለይቶ ማረፊያ የሚፈልገው ወጣት ግን ያቋርጠዋል። የአዋቂውን ምርጫ እንዳለ ገልብጠህ (የሚመርጠውን ርካሽ፣ የሚሸሸውን ውድ አድርገህ) ዋጋ ብታደርገው ክፍቱን መንገድ ዘጋኸው ማለት ነው።

ዱካ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ስለዚህ ቀጥታ አይገለበጥም፤ በኔጋቲቭ ኤክስፖነንሻል (መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ በሚወርድ ቀመር) ሲቀየር መካከለኛው ቦታ ይረክሳል፣ እጅግ መጥፎው ብቻ ውድ ሆኖ ይቀራል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ኮላሩ ሳተላይት ያጣል፤ ካልታረመ እንስሳው ደን የሚጠላ ያስመስለዋል።

ወሰን፦ ሞትን ማን ያስብ? ካርታው ላይ የደመቀው መስመር አስፋልት ላይ ሲደርስ ያልፋሉ ወይስ ይገጫሉ? የመሄድ ዋጋና የመሞት ዕድል በአንድ ቁጥር አይታጨቁም። ሁለቱን ለየብቻ የሚይዝ የማርኮቭ ሰንሰለት ሞዴል (ከቦታ ወደ ቦታ የመሄድን ዕድል በየእርምጃው የሚያሰላ) አለ፤ ለምን አትጠቀሙበትም? ፒክስሉንም (ካርታው የተሠራበትን አራት ማዕዘን ቁራጭ) እዩት። በ30 ሜትር ፒክስል 10 ሜትር ስፋት ያለው የወንዝ ዳር ዛፍ ይጠፋል። ሰያፍ የሚሄድ የአስፋልት መንገድ ደግሞ ፒክስሎቹ በማዕዘን ብቻ ሲነካኩ ቀዳዳ ያወጣና ሞዴሉ እንስሳውን በዚያ ያሾልከዋል። መንገዱን ሁለት ፒክስል አወፍሩት።

ካርታ ሠሪ፦ የመንገዱን ተቀብያለሁ። ኮላር ለሌለበት ቦታስ?

ዱካ፦ ካሜራ። ማነቆ በተባለው ላይ ብቻ ሳይሆን ሞዴሉ «አያልፉም» ባለው ቦታም ይተከል፤ ያለዚያ ስህተቱን አታየውም። ኮላር ካለ ደግሞ ለፈተና ነጥቦችን ሳይሆን አንዳንድ እንስሳትን ሙሉ በሙሉ አስቀር፤ የአንድ እንስሳ ነጥቦች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ፈተናው ይቀላል።

ካርታ ሠሪ፦ ካሜራው ይተከል፣ መሬቱ ግን ዛሬውኑ ይያዝ።

ወሰን፦ ጠባቡ ማነቆ ብቻ ይያዝ። የቀረው መስመር ውጤቱን ይጠብቅ።