ተ ያለበት ብራኬት ሁሉ አዲስ አልጀብራ ነው?

የማታ ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ኒልፖተንት ሊ አልጀብራ ላይ ነው፤ ማለትም ከሁለት ቬክተር ሦስተኛ የሚያወጣ ብራኬት [ ፣ ] ያለው፣ ብራኬቱ ሲደጋገም ደግሞ መጨረሻው ዜሮ የሚሆን ስፔስ። አንድ ነገር ሦስት ቀን ይዞኛል። ባለ 4 ዳይሜንሽን ወሰድኩ፤ ቤዚሱ (መሠረት የሆኑት ቬክተሮች) ሀ1፣ ሀ2፣ ሀ3፣ ሀ4። መነሻው [ሀ1፣ ሀ2] = ሀ3 ብቻ ነው። ከዚያ [ሀ1፣ ሀ3] = ተ·ሀ4 ጨመርኩበት። ጃኮቢ (ብራኬቱ ሊያሟላው የሚገባው እኩልነት) ይሠራል፣ ኒልፖተንትነቱም አልጠፋም። ተ ደግሞ የፈለግኩት ቁጥር ነው። ታዲያ ማለቂያ የሌላቸው አልጀብራዎች አገኘሁ? የማነበው መጽሐፍ በ4 ዳይሜንሽን 3 ብቻ ናቸው ይላል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ባለጠመኔው፦
እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። አሁን ተ·ሀ4ን ራሱን «ሀ4» ብለሽ ጥሪው። ተ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል። [ሀ1፣ ሀ3] = ሀ4 ሆነ፣ ተ ጠፋች። ስለዚህ በእጅሽ ያለው ሁለት ነው፦ ተ ዜሮ ስትሆን አንዱ፣ ዜሮ ሳትሆን ሌላው። ሦስተኛው ብራኬቱ በሙሉ ዜሮ የሆነው አቤልያን ነው።

ይህን ክፍል ሳስተምር ተን በቀይ ጠመኔ ነው የምጽፋት፣ ዓይን እንዲከተላት። ለዜሮ የቱንም ያህል ብትጠጋ አልጀብራው ያው ነው። ዜሮ ላይ ስትደርስ ግን በአንዴ ሌላ ይሆናል። ስንት ዓመት አይቼው አሁንም ይገርመኛል።

ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ኒልፖተንቶቹ በ5 ዳይሜንሽን 9፣ በ6 ደግሞ 30 ናቸው። ሪል ቁጥሮች ላይ የ6ቱ 34 ይሆናል። የማትጠፋ ተ የምትመጣው 7 ላይ ነው። ወረቀት ያዢና ይህን ሞክሪ። ሀ1 ከሀ2 እስከ ሀ6 ያሉትን እያንዳንዳቸውን ወደ ቀጣዩ ይወስዳል፤ [ሀ1፣ ሀ2] = ሀ3 እያለ እስከ [ሀ1፣ ሀ6] = ሀ7። በተጨማሪም፦
[ሀ2፣ ሀ3] = ሀ5፣ [ሀ2፣ ሀ4] = ሀ6
[ሀ2፣ ሀ5] = ተ·ሀ7፣ [ሀ3፣ ሀ4] = (1 − ተ)·ሀ7
ሀ1ን በቁጥር መ፣ ሀ2ን በቁጥር ነ አባዢ። ከዚያ ተን አጥፊያት እስቲ።

ሌላ አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዲፎርሜሽን (ብራኬትን እንዲህ በተ መለወጥ) ሁሉ ኒልፖተንት ሆኖ አይቀርም። ሃይዘንበርግ ላይ (ባለ 3 ዳይሜንሽን ሆኖ [ሀ1፣ ሀ2] = ሀ3 ብቻ ያለው) [ሀ2፣ ሀ3] = ተ·ሀ1 እና [ሀ3፣ ሀ1] = ተ·ሀ2 ብትጨምሪ፣ ሪል ላይ ተ ከዜሮ ስትበልጥ የሦስት ዳይሜንሽን የሽክርክሪት አልጀብራ ይወጣል። እሱ ኒልፖተንት አይደለም። ስለዚህ ኒልፖተንትነቱን በየጊዜው ማየትሽ ደግ ነው።

የማታ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ሞከርኩት። ሀ3 በመነ፣ ሀ5 በመ³ነ ይባዛል። [ሀ2፣ ሀ3] ግን መነ² ያወጣል። እኩል እንዲሆኑ ነ = መ² መሆን አለበት። ከዚያ ሀ7ም [ሀ2፣ ሀ5]ም በመ⁷ ይባዛሉ። ተ ንቅንቅ አላለችም!

ባለጠመኔው፦
ጎበዝ! እሷ ናት። ጽሑፍሽ ላይ ግን በማባዛት ብቻ አታቁሚ። ሀ1 ላይ ሀ2ን፣ ሀ2 ላይ ሀ3ን መደመርም ይቻላል። እነዚህ የሚጨምሩት ወደ ሀ7 የቀረቡ ተርሞችን ብቻ ስለሆነ ተን አይነኳትም። ይህንንም በአንድ አንቀጽ አሳዪ፤ ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።