ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒት የት ይጣላል? (ደብረ ብርሃን)

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የእናታችን መድኃኒት በሐኪም ተቀይሮ የደም ግፊቱ ኢናላፕሪልና የስኳሩ ሜትፎርሚን ተርፏል። የልጅ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ፣ ከወሊድ የተረፈ አይረን (የብረት ኪኒን)፣ የኢንሱሊን መርፌም አለ። ሽንት ቤት ይጣል ወይስ ይቃጠል?

መልስ 1፦ ሁለቱም አይሆንም። ሽንት ቤት የገባ መድኃኒት እዚያው አይቀርም፤ በክረምት ወደ ጉድጓድ ውኃና ወደ በሬሳ ወንዝ ሊሰርግ ይችላል። ከወንዙ በታች አትክልት የሚያጠጣ፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው አለ። እንደ አሞክሳሲሊን ያለው ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ ጀርሞችን መድኃኒት ያላምዳል። የግቢ እሳት ሙቀቱ አይበቃም፤ የጤና ተቋም ማቃጠያ ቢያንስ 850 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። ከዚያ በታች የመድኃኒቱም የእሽጉ ፕላስቲክም ጢስ መርዝ ነው። የአስም ፐፍማ እሳት ውስጥ ይፈነዳል።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ወደ ወጣበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውሰዱት። ሁሉም ላይቀበል ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቲቢ መድኃኒትና ሞርፊን ካላችሁ ግን ወደ ወጡበት ይመለሱ እንጂ የትም አይጣሉ።

መልስ 2፦ ካልተቀበሏችሁ እንዲህ አድርጉ። ኪኒኑን ከእሽጉ ፈልፍሉት፣ ግን አትፍጩት፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። በእጥፉ እርጥብ የቡና አተላ ወይም አመድ ቀላቅሉበት። የጠላ አተላ አይሆንም፣ ከብትና በግ ይበሉታል። ሽሮፑን ደረቅ አመድ ላይ አፍስሳችሁ መንጠባጠቡን እስኪያቆም አመድ ጨምሩ። ከዚያ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም በድርብ ፌስታል አስራችሁ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት በሚመጡበት ቀን ብቻ አውጡት። ቀድሞ ከወጣ ውሻ ይዘረግፈዋል። ስም ያለበትን ወረቀት ቅደዱ።

አይረኑን አታቆዩ። ከረሜላ ይመስላል። አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም ብረት ካለው፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 10 ፍሬ ማለት በኪሎ 60 ሚሊግራም ነው፤ ይህ ሊገድል ይችላል። ልጅ ከዋጠ ወዲያው ሆስፒታል። ትውከቱ ቆመ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይጠናል።

መልስ 3፦ መርፌውን በተመለከተ፦ ቆሻሻ ለሚያነሱት ልጆች ከኪኒኑ ይልቅ እሱ ያስፈራል። ክዳኑን መልሳችሁ አትግጠሙ፤ ጣት የሚወጋው ያኔ ነው። ጠንካራ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጣሉ። ስስ ሃይላንድ ይበሳል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ እዚያ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) አላቸው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ጎረቤታችንም ኢናላፕሪል ነው የምትወስደው፤ ጊዜውም አላለፈም። ብሰጣትስ?

መልስ 1፦ አይሆንም። ባለ 5 እና ባለ 10 ሚሊግራም አለ፤ በመልክ ተሳስቶ እጥፍ መውሰድ ቀላል ነው፣ ግፊቷ ወርዶ ትወድቃለች። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ከሌላው ጋር አብራችሁ አስወግዱት።