ኮካቲየሌ ያለ ወንድ እንቁላል መጣል አላቆም አለች

ሴት ኮካቲየል (ትንሽ የበቀቀን ዓይነት) አለችኝ፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ግን በየሁለት ቀኑ እንቁላል ትጥላለች። ጫጩት እንደማይወጣው አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ካልሲየሟ አልቆ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ እንዳይቀረቀር ነው፤ እንዲህ ከሆነ ወፍ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

እንቁላሎቹን ሳነሳ ምትክ ትጥላለች፤ ስለዚህ እዚያው ትቼላታለሁ። እሷ ግን ጥላቸው ትሄዳለች እንጂ አትታቀፋቸውም። እንቁላል መጣል እንድታቆም ብዬ የጎጆ ሳጥኑን አውጥቻለሁ፣ ጀርባዋንም አልደባብስም። ካልሲየም እንድታገኝ የምትነክሰው የኩትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት ሰቅዬላታለሁ። ቀኑ እንዲያጥርባት ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቤቷን በጨርቅ እሸፍናለሁ። ምንም ለውጥ የለም።

እስካሁን በደንብ ትበላለች፣ ኩሷም ደህና ነው። ሐኪሙ የሆርሞን መርፌ ሐሳብ አቅርቦልኛል፤ ትንሽዬ ፍጥረት ስለሆነች ፈርቻለሁ። መርፌውን ያስወጋችሁ ካላችሁ፣ ወፋችሁ እንቁላል መጣሏን ለምን ያህል ጊዜ አቆመች?