የነርስ እናቴን የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ነው፣ ምን ላስገባ?

የነርሷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እማዬ በ91 ዓመቷ አርፋብን ስንብቷ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አንቺ ጻፊ ተብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። 38 ዓመት ነርስ ነበረች፣ አብዛኛውን ማዋለጃ ክፍል። የተመረቀችበትን፣ የተቀጠረችበትን፣ ጡረታ የወጣችበትን ደርድሬ ሳነበው የሆነ የቢሮ ፋይል መሰለኝ፣ እሷ የለችበትም። ችግሩ ደግሞ የስራዋን ነገር ቤት አታወራም ነበር፣ "እንዴት ዋልሽ?" ስንላት "ደህና፣ አራት ሴት ሁለት ወንድ" ትላለች በቃ፣ የተወለዱትን መቁጠሯ ነው። ደረቷ ላይ የምትሰካት ተገልብጣ የምትንጠለጠል ሰዓት ነበረቻት፣ ትናንት መሳቢያዋ ውስጥ ቆማ አገኘኋትና እሷን ይዤ እያለቀስኩ ነው የምጽፍላችሁ። የናንተን ስትጽፉ ከየት ጀመራችሁ?

ጡረተኛዋ ሲስተር፦
ልጄ ነፍሳቸውን ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። እኔም ማዋለጃ ክፍል ነው ያረጀሁት። ከዛችው ሰዓት ጀምሪ። ተገልብጣ የምትሰካው ጎንበስ ብለን ስናያት ለኛ ቀጥ ብላ እንድትታይ ነው፣ እጅ ላይ የማናስራት ደግሞ እስከ ክርን ስለምንታጠብ። ትርታ ብቻ አይደለም የምንቆጥርባት። ልጅ ዱብ እንዳለ ሰዓት ይያዛል፣ በ1ኛው ደቂቃና በ5ኛው ደቂቃ ቀለሙ፣ የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ፣ የጡንቻው ጥንካሬ፣ ሲነካ ፊቱን መጨማደዱ እየታየ እያንዳንዱ እስከ 2 ነጥብ ያገኛል፣ ድምሩ ከ10። አፕጋር ይባላል፣ ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። እና እናትሽ ያንቺ ቤተሰብ የማያውቀው ስንት ሺህ ሰው የመጀመሪያ ደቂቃ በዛች ሰዓት ለክተዋል ማለት ነው፣ እስቲ አስቢው።
ደግሞ ድሮ እንዴት እንደሚሰራ ጻፊ፣ የዛሬ ልጆች አያውቁትማ። ሲሪንጁ የብርጭቆ ነበር፣ እየታጠበ ይቀቀላል፣ መርፌው ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል። የፅንሱን ልብ የምናዳምጠው ጫፏ ሰፋ ባለች የእንጨት ቀንድ ነው፣ አንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ ሌላውን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ትንፋሽ ውጠን። ዛሬ የኛ እድሜ ነርሶች ወገባችንን የምንይዘው ለምን መሰለሽ።

ሦስተኛ ልጅ፦
እህቴ አይዞሽ። የኔም እናት ነርስ ነበረች፣ ስታርፍ ለቀብሯ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጻፍንና እስከዛሬ ይቆጨኛል። የማታ ተረኛ ሆና ጠዋት ስትገባ ነጭ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሳታናግረን ቀጥታ ትታጠባለች፣ ከዛ እስክትነቃ ድረስ ቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚኖረው። ትምህርት ቤት ተሸልሜ እሷ አልመጣችም፣ በዓል ሆኖ እሷ ዲውቲ ናት፣ ልጅ ሆኜ በጣም ተቀይሜያት ነበር። ያቺ ቀን የሷን እጅ ይዛ ስታምጥ የነበረች ሴት እንዳለች የገባኝ የራሴ ሚስት ስትወልድ ነው። ይሄን ለሷ አልነገርኳትም፣ ታሪኳ ላይም አላስገባሁትም። አንቺ እንዲህ አይነት ነገር ካለሽ እንዳትተዪው፣ የከፈለችው እሱ ነው።

ኤም ኬ፦
አጭር ነገር ልጨምር፣ የሆነች ታካሚ ታሪክ ካስገባሽ ስሟም ሰፈሯም በሽታዋም እንዳይታወቅ፣ እናትሽ ቤት ሳያወሩ የኖሩት ለዛ ነው መሰለኝ። እና አብረዋቸው የሰሩ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ፈቅደው ከሆነ ድምፃቸውን ቅረጪ።

የነርሷ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲስተር እርስዎ ደግሞ ይኑሩልኝ። ትናንት ማታ አብራት የሰራች ጓደኛዋ ጋ ደወልኩ፣ ስለ እናትሽ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ምን መሰለሽ ብላ የነገረችኝ፣ እማዬ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሆድ ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን እያፋተገች ታሞቅ ነበር፣ ሰው ቢጣደፍም ባይጣደፍም፣ አዲስ የሚመጡትንም ነርሶች "በቀዝቃዛ እጅ እንዳትነኳት" ትላቸው ነበር አለችኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እኛን እኮ ትኩሳት ሲይዘን ግንባራችንን ከመንካቷ በፊት እንደዛው ታደርግ ነበር፣ እኔ የብርድ ልማድ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻዋ አካባቢ ስማችን ሁሉ ጠፍቶባት እንኳን አልጋዋ ጋ ስቀመጥ መዳፎቿን ቀስ ብላ ታፋትግና አንጓዬን ትይዛለች፣ ሌላኛው እጇ ደረቷ ላይ ሰዓቷን ይፈልጋል።
ዓመተ ምህረቶቹን ወደ ታች አወረድኳቸው። አሁን የመጀመሪያው መስመር "እናታችን ሰው ከመንካቷ በፊት እጇን ታሞቅ ነበር" ነው የሚለው። ሰዓቷንም አስጠግኛት ሳነብ ደረቴ ላይ እሰካታለሁ።